የሩብ ዙር መቀርቀሪያ ለኢንዱስትሪ ካቢኔትና ለማሽን በር እንዴት ይመረጣል? ዝርዝር መመሪያ

የኤሌክትሪክ ፓነል፣ የጄኔሬተር ሽፋን፣ የፓምፕ መቆጣጠሪያ ሳጥን ወይም የማሽን የጎን በር ሲሠራ ላሜራው በጥንቃቄ ይቆረጣል፣ ይታጠፋል፣ ይበየዳል፣ ይቀባል፤ መቀርቀሪያው ግን ብዙ ጊዜ የሚገዛው ሥራው ካለቀ በኋላ ገበያ ላይ ከተገኘው ነው። ውጤቱን በየፋብሪካው ማየት ይቻላል፦ በሩ ተዘግቶም ይንገጫገጫል፣ ክረምት ሲገባ በታችኛው ጥግ ውሃ ይሰርጋል፣ ወይም ቴክኒሻኑ በጉልበቱ ደግፎ ካልገፋው አልዘጋም ይላል። በዚህ ጊዜ ጥፋቱ የሚጣለው በማሸጊያው ጎማ ላይ ነው፤ ይሁን እንጂ ጎማውን በሚገባው መጠን ተጭኖ የሚይዘው መቀርቀሪያው ስለሆነ በቅድሚያ መመርመር ያለበት እሱ ነው።

በዚህ መመሪያ የተመረጠው ቅደም ተከተል ገበያ ላይ ከተለመደው የተገላቢጦሽ ነው። ገዢው አብዛኛውን ጊዜ ከእጀታው መልክ ይጀምራል፤ እኛ ግን በበሩና በፍሬሙ መካከል ካለው ክፍተት ተነሥተን ወደ ውጭ እንመጣለን፣ እጀታውንም ከሌላው ሁሉ በኋላ እንመርጣለን። ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ምሳሌ ይዘን እንሄዳለን፦ ከ2 ሚ.ሜ ላሜራ የተሠራ፣ በሩ 1800 ሚ.ሜ ቁመትና 600 ሚ.ሜ ስፋት ያለው፣ ከደጅ ጄኔሬተር አጠገብ የሚቆም የመቆጣጠሪያ ካቢኔት።

አስቀድሞ ክፍሎቹን በስማቸው እንያዝ። የሩብ ዙር መቀርቀሪያ እጀታው ወይም ቁልፉ 90 ዲግሪ ሲዞር ከበሩ ጀርባ ያለው ምላስ አብሮ ዞሮ ከፍሬሙ እጥፋት ኋላ የሚገባበት ዓይነት ነው። በላሜራው ቀዳዳ የሚያልፍ አካል፣ አካሉን ከውስጥ የሚያስር ትልቅ ዳዶ፣ ምላስ፣ ምላሱን የሚይዝ ቡሎን፣ ከላሜራው ፊት የሚቀመጥ የጎማ ቀለበት፣ እንዲሁም እጀታ ወይም የቁልፍ ማስገቢያ አለው።

ደረጃ 1፦ ከበሩ ጀርባ ምን እንዳለና በሩን ማን እንደሚከፍተው ይወስኑ

ከበሩ ጀርባ በእጅ ሊነካ የሚችል ኤሌክትሪክ የተሸከመ ክፍል ካለ ምርጫው ወዲያውኑ ይጠብባል። ለዝቅተኛ ቮልቴጅ ፓነሎች የወጣው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ደረጃ አይኢሲ 61439 እና ለማሽኖች የኤሌክትሪክ ክፍል የወጣው አይኢሲ 60204-1 ከሚቀበሏቸው ዋና የጥበቃ መንገዶች አንዱ በሩ ያለ ቁልፍ ወይም ያለ መሣሪያ እንዳይከፈት ማድረግ ሲሆን፣ ሌላው በሩ ከመከፈቱ በፊት ኃይሉ እንዲቋረጥ ማያያዝ ነው። ስለዚህ በጣት የሚዞር የቢራቢሮ ቅርጽ እጀታ ለፓነል በር አይሆንም፤ ለአየር ማጣሪያ ክፍል ወይም ለመሣሪያ ሣጥን ግን ከዚያ የተሻለ አያስፈልግም።

የቁልፍ ማስገቢያዎች በቅርጻቸው ይለያያሉ። በአውሮፓ ሠራሽ ካቢኔቶች ላይ በብዛት የሚታየው ባለ ሁለት ጥርስ ማስገቢያ ሲሆን መሐሉ ላይ ያለው ፒን 3 ሚ.ሜ ወይም 5 ሚ.ሜ ይሆናል፤ ባለ ሦስት ማዕዘኑ በ7፣ በ8 እና በ9 ሚ.ሜ፣ ባለ አራት ማዕዘኑ ደግሞ በ6፣ በ7 እና በ8 ሚ.ሜ ይገኛል። እነዚህ የሚከለክሉት አላፊ አግዳሚውን እንጂ ሌባን አይደለም። ባለ ሲሊንደር ቁልፎችም ቢሆኑ በላያቸው 333 ወይም 3524 ኢ የመሰለ የተለመደ ቁጥር ካለባቸው ያው ቁጥር ያለው ማንኛውም ቁልፍ ይከፍታቸዋል፤ ይህ ለጥገና ሠራተኛ ምቾት ነው፣ ለጥበቃ ኃላፊ ግን ምቾት አይሰጥም። ሳጥኑ ሰው በሌለበት ሜዳ የሚቆም ከሆነ ጓጉንቸር ማስገቢያ ያለው እጀታ ይምረጡ፤ በጥገና ጊዜ በሩን ቆልፎ ለመሥራትም ያገለግላል።

አንድ ፋብሪካ ውስጥ አንድ ዓይነት ማስገቢያ መጠቀም እጅግ ይመከራል። አምስት ዓይነት ቁልፍ የሚያስፈልገው የጥገና ክፍል ውሎ አድሮ በሮቹን በካቻቢቴ መፈልቀቅ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ስለ መቀርቀሪያ ምርጫ መነጋገር ትርጉም የለውም።

ደረጃ 2፦ የመያዣ ርቀቱን ይለኩ

ሥራው ሁሉ የሚበላሸውም የሚቃናውም እዚህ ላይ ነው። የመያዣ ርቀት ስንል በሩ በትክክል ተዘግቶና ጎማው በሚገባው መጠን ተጨምቆ ሳለ፣ ከበሩ የውጭ ገጽ ተነሥቶ ምላሱ እስከሚያርፍበት የፍሬም እጥፋት ጀርባ ድረስ ያለው ርቀት ነው። አንዳንድ አምራቾች ይህንኑ ርቀት ከበሩ የውስጥ ገጽ ጀምረው ስለሚለኩት በካታሎጉ ሥዕል ላይ ቀስቱ ከየት እንደሚጀምር ሳያዩ ቁጥሩን ብቻ ወስደው አይዘዙ፤ የ2 ሚ.ሜ ልዩነት በሩ ልቅ እንዲሆን ወይም ከነጭራሹ እንዳይዘጋ ይበቃል።

በምሳሌያችን የበሩ ላሜራ 2 ሚ.ሜ ነው። የማሸጊያው ጎማ ሳይጨመቅ 10 ሚ.ሜ ውፍረት አለው፤ አምራቹ 40 በመቶ እንዲጨመቅ ቢመክር ሲዘጋ 6 ሚ.ሜ ይሆናል። የፍሬሙ እጥፋት 2 ሚ.ሜ ነው። ስለዚህ የመያዣ ርቀቱ 2 ሲደመር 6 ሲደመር 2፣ ማለትም 10 ሚ.ሜ ነው። የመረጥነው መቀርቀሪያ ቀጥ ባለ ምላስ ሲገጠም 18 ሚ.ሜ ላይ የሚይዝ ከሆነ፣ ወደ በሩ በ8 ሚ.ሜ የተመለሰ እጥፍ ምላስ እንፈልጋለን ማለት ነው። በአንጻሩ ፍሬሙ ወደ ኋላ የተመለሰ ድርብ እጥፋት ኖሮት ጥልቀቱ 16 ሚ.ሜ ቢሆን ኖሮ ርቀቱ 24 ሚ.ሜ ይሆንና ወደ ካቢኔቱ ውስጥ በ6 ሚ.ሜ የታጠፈ ምላስ ያስፈልገን ነበር። አካሉ አንድ ሆኖ ምላሱ ብቻ የሚለዋወጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ሥዕል የሌለው ወይም በእጅ የተሠራ በር ከሆነ ሒሳቡን አምኖ መቀመጥ አይበቃም፤ ብየዳ ላሜራን ያጣምማል። መቀርቀሪያው ሊገጠምበት ከታሰበው ቦታ ትይዩ በፍሬሙ እጥፋት ፊት ላይ በቀጭን ፕላስቲክ የተጠቀለለ የፕላስቲሲን (የልጆች መጫወቻ ለስላሳ ጭቃ) ድብልብል ያስቀምጡ፣ ጎማው ሊጨመቅ እስከሚገባው ድረስ በሩን ገፍተው ይያዙ፣ ከዚያ ከፍተው የተጠፈጠፈውን ፕላስቲሲን በካሊፐር ይለኩ፤ የበሩና የእጥፋቱ ውፍረት ሲደመርበት የመያዣ ርቀቱ ይገኛል። በላይኛው፣ በመካከለኛውና በታችኛው ቦታ ተለክቶ ልዩነቱ ከ2 ሚ.ሜ ከበለጠ መስተካከል ያለበት በሩ ወይም ማጠፊያው ነው፤ መቀርቀሪያ ጠማማ በር አያቃናም።

ምላሶች ብዙውን ጊዜ በ2 ሚ.ሜ ልዩነት ተሠርተው ስለሚሸጡ የሚፈልጉት ልክ በሁለቱ መካከል ሊወድቅ ይችላል። በዚህ ጊዜ ምላሱን በመዶሻ ከማጠፍ ይልቅ የጎማውን ውፍረት መለወጥ ወይም ከምላሱ ሥር ሮንዴላ ማስገባት የተሻለ ነው። በዚንክ ቅይጥ የተቀለጠ ምላስ ሲታጠፍ የመሰንጠቅ ጠባይ አለው፤ ስንጥቁም ከበሩ ጀርባ ስለሚሆን እስኪሰበር ድረስ ማንም አያየውም።

ደረጃ 3፦ የምላሱን ርዝመትና የቀዳዳውን ቦታ ይወስኑ

የምላሱ ርዝመት የሚለካው ከሚዞርበት መሐል እስከ ጫፉ ነው። ምላሱ 45 ሚ.ሜ ከሆነና ከቀዳዳው መሐል እስከ ፍሬሙ እጥፋት ጠርዝ 33 ሚ.ሜ ካለ፣ እጥፋቱን የሚይዘው 12 ሚ.ሜ ነው ማለት ነው። ማጠፊያው ከጊዜ ብዛት ሲላላ በሩ ወደ ታችና ወደ ጎን ስለሚሸሽ፣ ከ10 ሚ.ሜ በታች የሆነ መደራረብ ለከባድ በር አስተማማኝ ነው ብዬ አላምንም።

ምላሱ ሲዞር የሚሠራውን ክብ በወረቀት ላይ ሥለው ከውስጥ ካሉት ዕቃዎች ጋር ያነጻጽሩ። ከበሩ ጋር የተገጠመ የመብራት አመልካች፣ የሽቦ መተላለፊያ ቦይ ወይም የብሬከር ሽፋን በዚህ ክብ ውስጥ መግባት የለበትም፤ በየቀኑ ምላስ የሚጋጨው ሽቦ ልባሱ ተልጦ ከበሩ ብረት ጋር የሚገናኝበት ቀን ይመጣል።

ደረጃ 4፦ በሩ ስንት ቦታ መያዝ እንዳለበት ያስሉ

ላሜራ በሁለት መያዣዎች መካከል እንደ ቀስት ይጎብጣል፤ ጎማው ደግሞ በርዝመቱ ሁሉ ይገፋዋል። የጎማው አምራች ጎማውን ለመጨመቅ በሜትር 150 ኒውተን ያስፈልጋል ቢል፣ የምሳሌያችን በር ዙሪያ 4.8 ሜትር ስለሆነ አጠቃላዩ ኃይል 720 ኒውተን ይሆናል። ግማሹን ማጠፊያዎቹ ቢሸከሙ ለመቀርቀሪያው ወገን 360 ኒውተን ይቀራል። ይህን በመካከል ላይ ባለች አንዲት ምላስ ለመያዝ መሞከር ምላሱን ቢያስችለውም በሩን አያስችለውም፤ መሐሉ ተጣብቆ ጥጎቹ ይከፈታሉ።

ለዚህ ሁለት መፍትሔዎች አሉ። አንደኛው ነጠላ መቀርቀሪያዎችን በየ40 እስከ 60 ሳንቲሜትር መደርደር ነው፤ ዋጋው ርካሽ ነው፣ ነገር ግን ሠራተኛው ሦስቱንም ለመዝጋት ይሰለችና አንዱን ብቻ ዘግቶ ይሄዳል። ሁለተኛው አንድ እጀታ ዞሮ መሐል ላይ ምላስ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ደግሞ ዘንጎችን የሚገፋበት ባለ ሦስት ነጥብ አሠራር ነው። ቁመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል ለሚበልጥ በር ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ በምሳሌያችን እያንዳንዱ ነጥብ 120 ኒውተን ያህል ብቻ ይሸከማል። ዘንጎቹ ጫፋቸው ላይ መንኮራኩር ሊኖራቸው ወይም ጫፋቸው በሞረድ ሊለሰልስ ይገባል፤ አለበለዚያ የፍሬሙን ቀለም እየፋቁ ዝገት ይጋብዛሉ።

ደረጃ 5፦ ተራ ነው ወይስ ጎትቶ የሚጫን?

ተራው የሩብ ዙር መቀርቀሪያ ምላሱን አንድ ቦታ ላይ ያቆመዋል እንጂ በሩን አይስብም። ጎትቶ የሚጫነው ዓይነት ግን ምላሱ ከእጥፋቱ ኋላ ከገባ በኋላ ወደ በሩ ይስበዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ እጀታው 180 ዲግሪ እንዲዞር ይፈልጋሉ፦ የመጀመሪያው ሩብ ዙር ምላሱን ያዞራል፣ ሁለተኛው 6 ሚ.ሜ ገደማ ይጎትተዋል። ጄኔሬተር፣ የድንጋይ ወፍጮ፣ የጭነት መኪና ወይም ባቡር ላይ ለሚገጠም በር ይህ ዓይነት ዋጋው ቢወደድም ይገባዋል፤ ንዝረት ተራውን ምላስ ቀስ በቀስ ያላላዋል፣ የሚንገጫገጭ በርም ማጠፊያውን ጭምር ይበላል። ቢሮ ውስጥ ወይም ንዝረት በሌለበት አዳራሽ ለሚቆም ካቢኔት ግን ተጨማሪውን ገንዘብ ለተሻለ ጎማ ማዋል ይበልጣል።

የምሳሌያችን ካቢኔት ከጄኔሬተር አጠገብ ቢቆምም ከጄኔሬተሩ ሻሲ ጋር ካልተያያዘ ባለ ሦስት ነጥቡ ይበቃዋል። የጄኔሬተሩ የራሱ ሽፋን በሮች ግን ጎትቶ የሚጫነውን ይፈልጋሉ።

ደረጃ 6፦ ቁሱን ከአካባቢው ጋር ያስማሙ

በገበያ ላይ የሚገኙት በዋናነት ሦስት ናቸው፦ ክሮም የተነከረ ወይም ጥቁር የተቀባ የዚንክ ቅይጥ፣ በመስታወት ጭረት የተጠናከረ ፖሊአማይድ፣ እንዲሁም የማይዝግ ብረት።

የዚንክ ቅይጥ በጣሪያ ሥር ለሚቆም ካቢኔት ይበቃል፣ ብዙዎቹ የፓነል ቁልፎችም ከዚሁ የተሠሩ ናቸው። ዚንክ በአሲድም በጠንካራ አልካሊም የሚበላ ብረት ስለሆነ ግን ቧንቧዎችና ታንኮች በኮስቲክ ሶዳ በሚታጠቡበት ቢራ ፋብሪካ ወይም ወተት ማቀነባበሪያ ውስጥ ዕድሜው አጭር ነው። እዚያ የማይዝግ ብረት ያስፈልጋል። ለዕቃው ጅቡቲ ወይም ምጽዋ ወደብ ላይ መቆም የግድ ከሆነ ደግሞ 304 የሚባለው ደረጃ አይበቃም፤ ሞሊብዲነም የተጨመረበት 316 የባሕርን ጨው በተሻለ ይቋቋማል።

ፖሊአማይድ አይዝግም፣ ዋጋው መጠነኛ ነው፣ እንደ ሰመራ ባለ ሞቃት ቦታም ፀሐይ የመታው ብረት እጅ ሲያቃጥል እሱ ይያዛል። ድክመቱ የፀሐይ ጨረር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ ጨረሩ ከቆላው ይበረታል፤ ስለዚህ ደጅ የሚውል የፕላስቲክ እጀታ ጨረር መከላከያ የተጨመረበት ስለመሆኑ በካታሎጉ ላይ መጻፍ አለበት። በሲሚንቶና በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ደግሞ ችግሩ አቧራና የጥጥ ብናኝ ነው፤ ብናኙ ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ቁልፉን ስለሚያንቅ፣ ባለ ሦስት ወይም ባለ አራት ማዕዘን ማስገቢያና ክዳን ያለው መቀርቀሪያ ይመረጣል።

መርካቶም ይሁን ሌላ ገበያ ሲገዙ በዓይን ብቻ አይመኑ። ትንሽ ማግኔት ይያዙ፦ ማግኔቱ አጥብቆ ከያዘ ዕቃው አብዛኛውን ጊዜ የተነከረ ተራ ብረት ነው፣ ደጅ ከዋለ ንክሩ ሲላጥ ይዝጋል። ካልያዘ ግን የማይዝግ ብረት ነው ብለው አይቸኩሉ፤ ዚንክም ማግኔት አይስብም። ምላሱና ቡሎኑም ለየብቻ ይፈተሹ፣ የማይዝግ ተብሎ የሚሸጥ መቀርቀሪያ ምላሱ ተራ ብረት ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነውና።

ስለ ውሃና አቧራ ደግሞ፣ በአይኢሲ 60529 መሠረት በአይፒ ቁጥር፣ ማለትም ሳጥኑ ከውጭ ከሚገባ ነገር ምን ያህል እንደተጠበቀ በሚያሳየው መለኪያ፣ የመጀመሪያው አሃዝ ጠጣር ነገርንና አቧራን፣ ሁለተኛው ውሃን ይመለከታል። አይፒ54 ሲባል ጉዳት የሚያደርስ አቧራ የማያስገባና የሚረጭ ውሃ የሚቋቋም፣ አይፒ65 ሲባል አቧራ ፈጽሞ የማያስገባና በቱቦ የሚወረወር ውሃ የሚቋቋም ማለት ነው። የመቀርቀሪያው ቀዳዳ የሚገኘው በሩን ከዞረው ጎማ ውስጠኛ ወገን ስለሆነ መቀርቀሪያው ራሱ ካላሸገ ሳጥኑ አሽጓል ማለት አይቻልም። በመቀርቀሪያው ላይ የተጻፈው አይፒ65 የሚሠራውም የጎማ ቀለበቱ ካለና ቀዳዳው በልኩ ከተቆረጠ ብቻ ነው፤ የካቢኔቱ ደረጃ ግን ሙሉው ሳጥን ተፈትኖ የሚሰጥ ነው።

ደረጃ 7፦ አሁን እጀታውን ይምረጡ

እስከዚህ የተደረሰው ውሳኔ ብዙዎቹን እጀታዎች አስቀድሞ አስወጥቷል። ጓንት አድርገው ለሚሠሩ ሰዎች ጣት የሚያስገባ ክፍተት ያለው ረጅም እጀታ፣ ሰው በሚተላለፍበት ጠባብ መንገድ ደግሞ ልብስ የማይዝ፣ ወደ በሩ ገብቶ የሚቀመጥ እጀታ ይሻላል። ዘንግ ለሚገፋ ባለ ሦስት ነጥብ አሠራር ከበሩ ተነሥቶ የሚዞረው ተነሽ እጀታ ተመራጭ ነው።

ብዙ ሰው የማያስበው የእጀታው አቅጣጫ ነው። በሩ ሲዘጋ እጀታው ወደ ታች የሚያመለክት መሆን አለበት። ሲዘጋ አግድም የሚቆም ከባድ እጀታ በንዝረት ጊዜ በራሱ ክብደት ወርዶ በሩን ሊከፍት ይችላል፤ ወደ ታች የሚያመለክተው ግን ክብደቱ ራሱ ዘግቶ ይይዘዋል፣ ከሩቅም በሩ መዘጋቱ ይታያል። የእጀታውን ዙር የሚገታው ማቆሚያ በግራና በቀኝ በር ስለሚለያይ፣ ማቆሚያው ሊገለበጥ የሚችል መሆኑን ሳይጠይቁ አይግዙ።

ደረጃ 8፦ ቀዳዳውን ይቁረጡ፣ ይግጠሙ

ለነጠላ መቀርቀሪያዎች በብዛት የሚያገለግለው ቀዳዳ ዲያሜትሩ 22.5 ሚ.ሜ ገደማ የሆነ፣ ሁለት ጎኖቹ ግን በ20 ሚ.ሜ ገደማ ጠፍጣፋ የሆኑ ክብ ነው። ጠፍጣፋዎቹ ጎኖች አካሉ አብሮ እንዳይዞር ይይዙታል። ትራፓኖ ብቻ ይዞ ሙሉ ክብ የሚበሳ ባለሙያ ሥራውን አፋጥኗል፣ ነገር ግን ከጥቂት ወራት በኋላ ዳዶው ሲላላ ቁልፉ፣ አካሉና ምላሱ በአንድነት መዞር ይጀምራሉ፣ በሩም ከውጭ የሚከፈትበት መንገድ ይጠፋል። መብሻ ፓንች ከሌለ 20 ሚ.ሜ በስተው ቀሪውን በሞረድ ያውጡ፤ ዘገምተኛ ነው፣ ግን ይሠራል።

ቀዳዳው ከቀለም በፊት ይቆረጥ። የዱቄት ቀለም በየገጹ ከ60 እስከ 120 ማይክሮን ስለሚጨምር ቀዳዳውን በጥቂቱ እንደሚያጠብብ አስበው ይቁረጡ። ከተቆረጠ በኋላ በጠርዙ የሚቀረውን ስለት በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ያጥፉት፤ የጎማ ቀለበቱን የሚቆርጠው ይህ ስለት ነውና። የጎማ ቀለበቱ ከላሜራው ውጭ፣ ዳዶው ከውስጥ መሆኑን ያረጋግጡና አምራቹ በሰጠው ጉልበት ያጥብቁ፤ የፕላስቲክ አካል ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ይሰነጠቃል። በሩን ከመሬት ሽቦ ጋር ማገናኘት ካስፈለገ በተለየ ሽቦ ይገናኝ፤ ቀለምና ጎማ መካከል ስለሚገቡ መቀርቀሪያ የመሬት ግንኙነት ሆኖ ሊታሰብ አይገባም።

ደረጃ 9፦ ይፈትኑት

በፍሬሙ እጥፋት ፊት ላይ ጠመኔ ይቀቡ፣ በሩን ዘግተው ይክፈቱ። ጎማው ላይ የሚቀረው ነጭ መስመር ሳይቋረጥ ዙሪያውን መታየት አለበት፤ የተቋረጠበት ቦታ ውሃው የሚገባበት ነው። ቀጥሎ ቀጭን ወረቀት በጎማውና በፍሬሙ መካከል አድርገው በሩን ይዝጉና ወረቀቱን በየቦታው ይጎትቱ፤ በየትኛውም ቦታ ያለ ተቃውሞ ሾልኮ መውጣት የለበትም። በመቀርቀሪያው አጠገብ ጠብቆ በጥጉ ከላላ የመያዣ ነጥብ ይጨመር፤ በሁሉም ቦታ ከላላ ምላሱ ይቀየር፤ በማጠፊያው ወገን ብቻ ከላላ መቀርቀሪያው ነፃ ነው።

ውስጡ ገና ሳይገጠም ከሆነ በውሃ መሞከርም ይቻላል። የአይፒ ሁለተኛ አሃዝ 5 የሚፈተነው 6.3 ሚ.ሜ አፍ ባለው ቱቦ፣ በደቂቃ 12.5 ሊትር፣ ከ2.5 እስከ 3 ሜትር ርቀት ነው፤ የግቢ ጎማ ቱቦ ይህን ፈተና አይተካም፣ ሆኖም ትልልቁን ጉድለት ያሳያል።

ደረጃ 10፦ የማዘዣውን ወረቀት ይሙሉ

ለሻጩ ወይም ለአስመጪው የሚላከው ወረቀት ላይ የበሩ ውፍረት፣ የመያዣ ርቀቱና ከየትኛው ገጽ እንደተለካ፣ የምላሱ ርዝመትና እጥፋት፣ የቀዳዳው ልክ፣ የማስገቢያው ዓይነት፣ የአካሉና የምላሱ ቁስ በየራሱ፣ የሚፈለገው አይፒ፣ የበሩ ቀኝ ወይም ግራ መሆንና የቁልፍ ቁጥሩ ይጻፉ። በየአሥሩ መቀርቀሪያ ሁለት ትርፍ ምላስና ጥቂት ትርፍ የጎማ ቀለበት አብረው ይዘዙ፤ ቀለበቱ ርካሽ ነው፣ በኋላ ግን ለብቻው አይገኝም። የተሞላውን ወረቀት ቅጂ ከቁልፍ ቁጥሩ ጋር በካቢኔቱ የሥዕል ማስቀመጫ ኪስ ውስጥ ሳይሆን በጥገና ክፍሉ መዝገብ ያስቀምጡ፤ ቁልፉ የጠፋበት ሰው ካቢኔቱን ከፍቶ ቁጥሩን ሊያነብ አይችልምና።